የሐይቅ ዳር ችካል፦ ማን ተከለው፣ ማንስ ይነቅለዋል?

ባለፈው በጋ ወደ ሐይቅ ወረድኩ፤ ከተማውም ውሃውም በዚሁ ስም ይጠራሉ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከተማው ላይ ከሚኒባስ ወርጄ በእግሬ ወደ ውሃው ሳመራ፣ መንገዴ ላይ አንድ የሲሚንቶ ችካል አየሁ። ቁመቱ ከጉልበት አያልፍም። ጫፉ ቀይ ተቀብቶ ነበር፤ ቀለሙ አሁን ግማሽ በግማሽ ተልጧል። ችካሉ የቆመው ሽንኩርት ማሳ መሃል ነው። ከላዩ ሽንኩርት፣ ከታቹም ሽንኩርት። የታችኛው ሽንኩርት እስከ ፊላው ድረስ ይወርዳል።

ማሳውን የሚኮተኩቱ አንድ አዛውንት ነበሩ። ሰላምታ ተለዋወጥንና ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ ይሄ ችካል የምንድን ነው?»

«የሐይቁ ወሰን ነው አሉን።»

«ከዚህ በታች አይታረስም ማለት ነው?»

«ሲተክሉት እንደዚያ ነበር። ኋላ ሌሎች መጡና እስከዚያ ድረስ ይቻላል አሉ።» በዶማቸው ጫፍ ወደ ፊላው አሳዩኝ። «ከዚያ ደግሞ ሌሎች መጡና የለም፣ ወሰኑ ከዋርካው በላይ ነው አሉ። ልጄ፣ እኔ የትኛውን ልስማ?»

ከዚያ ወዲህ ይህ ጥያቄ ከጆሮዬ አልጠፋ አለ። የውሃ ዳር መሬት ይጠበቅ ሲባል ሁላችንም እንስማማለን። በስብሰባም፣ በሬዲዮም፣ ቡና ላይም። ጭቅጭቁ የሚነሳው ወሰኑ ላይ ስንደርስ ነው። የት ነው የሚያልፈው? ከተሳሳተ ማን ያርመዋል? በምን ሥርዓት? ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። የሚጠበቅ የውሃ ዳር ወሰን በሕግ መሠመር አለበት። ካርታው የሕጉ አካል መሆን አለበት። ሲሻሻልም በገባበት በር መውጣት አለበት፤ ማለትም በሕግ።

ዳሩ ለምን እንደሚጠበቅ በአጭሩ ላስረዳ። የሐይቅ ውሃ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። ዋናው ነገር ግን መውጫ የሌለው መሆኑ ነው። ጣና ዓባይን ያስወጣል፤ ከሐይቅ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ከተራራው የታጠበው አፈር፣ ከማሳ የወረደው ማዳበሪያ፣ ከከተማ የመጣው ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። ከመግባቱ በፊት የሚያጣራው ዳር ዳሩን የበቀለው ፊላና ቄጠማ ነው። የቆረሶ ዓሣም እንቁላሉን የሚጥለው ጥልቀት በሌለው ዳር ላይ ነው። ዳሩ ታረሰ ማለት የሐይቁ ወንፊት ተቀደደ ማለት ነው።

ችግሩ ውሃ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን ያየ ሰው ይህን በዓይኑ አይቷል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገዳሙን ሲመሩ ቦታው ደሴት ነበር። ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። በእግር ይገባል፤ ወንድ ለሆነ ማለቴ ነው፣ ሴቶች ገዳሙ ውስጥ አይገቡም። የያኔው መነኩሴ ታንኳ የሚፈልግበትን መንገድ የዛሬው መነኩሴ በጫማው ይሄደዋል።

ስለዚህ «ከውሃው 50 ሜትር ድረስ አይነካም» የሚል ወሰን ስትሰሙ ቆም በሉ። ከየትኛው ውሃ? ከነሐሴው ነው ከግንቦቱ? ከዘንድሮው ነው ከዛሬ 20 ዓመቱ? ውሃው በሸሸ ቁጥር ወሰኑም አብሮ የሚሸሽ ከሆነ፣ ገበሬው በየዓመቱ ሁለት ሦስት ትልም ወደ ታች ይጨምራል። ማንም ሕግ አልጣሰም። ዳሩ ግን አለቀ። ውሃው የተመለሰ ዓመት ደግሞ ሰብሉ ይዋጣል፤ ያኔ ለቅሶና የካሳ ጥያቄ ይከተላል።

ሕጋችን ምን ይላል? የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ስለ ውሃ ዳርቻ አንስቷል። ተቆጣጣሪው አካል ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጋር ተመካክሮ የውሃ አካላትን ዳርቻ ሊከልል ይችላል። በተከለለው ውስጥም ዛፍና ዕፅዋት መመንጠርን፣ መኖሪያ ቤት መሥራትንም ሊከለክል ይችላል። ጥሩ ድንጋጌ ነው። ከወጣም ከ25 ዓመት በላይ ሆኖታል። ግን «ይችላል» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ይችላል እንጂ አለበት አይልም። ካልከለለስ? ምንም። ከልሎ ቢያነሳስ? እሱም በዚህ አዋጅ መልስ የለውም።

ሌላም ውስብስብ ነገር አለ። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ክልልን ከክልል የሚያገናኝ ወይም የሚሻገር ውሃ የፌዴራል መንግሥት ጉዳይ ነው። ቦርከና ከኩታበር ተራሮች ተነሥቶ ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ጨፋ ረግረግ ይወርዳል፤ መጨረሻው አዋሽ ነው፤ አዋሽም አፋር ይገባል። ስለዚህ የቦርከና ነገር ሲነሳ የፌዴራል መንግሥቱ እጅ አለበት። ሐይቅ ግን ሙሉ በሙሉ አማራ ክልል ውስጥ ነው። የሐይቅን ዳር ወሰን የክልሉ ምክር ቤት በአዋጅ ቢያሠምር፣ ካርታውን አያይዞ የክልሉ ሕጎች በሚታወጁበት በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ቢያወጣ፣ «ሥልጣንህ አይደለም» የሚለው ያለ አይመስለኝም። ለዚህ ነው ከሐይቅ እንጀምር የምለው።

አሁን ትንሽ ራቅ ልበል። በአሜሪካ በአትላንቲክና በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ቀጫጭን የአሸዋ ደሴቶች አሉ። ከውቅያኖስ የሚመጣውን ማዕበል ቀድመው የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። አሸዋ ስለሆኑ ይንቀሳቀሳሉ። ማዕበሉ ከአንድ ጫፍ ይቆርሳል፣ ሌላው ጫፍ ላይ ይከምራል። ሰው ደግሞ ባሕር ዳር ቤት መሥራት ይወዳል። መንግሥት መንገድና ድልድይ ይዘረጋል፣ የጎርፍ ኢንሹራንስ ይሰጣል። ማዕበል ይመጣል፣ ቤቱ ይፈርሳል፣ በሕዝብ ገንዘብ ይጠገናል። ከዚያ እንደገና ይፈርሳል።

እ.ኤ.አ. በ1982 ኮንግረሱ ለዚህ ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ሬገን ፈረሙበት። ሕጉ ግንባታን አልከለከለም። ያደረገው ይህን ነው፦ ገና ያልተገነቡትን መሬቶች በካርታ ከለለ። እዚያ ውስጥ መሥራት የፈለገ በራሱ ገንዘብ ይሥራ፣ የፌዴራል መንግሥት ግን ለአዲስ መንገድ፣ ለድልድይ፣ ለጎርፍ ኢንሹራንስ አያወጣም አለ። «ያልተገነባ» የሚለውም መለኪያ ነበረው። በ5 ኤከር፣ በእኛ 2 ሄክታር ገደማ፣ ከአንድ ቤት በታች ያለበት ቦታ ማለት ነው።

በ1990 ሕጉ ሰፋ። የታላላቆቹ ሐይቆች ዳርቻ ሳይቀር ገባበት። ዛሬ ከ3 ሚሊዮን ኤከር በላይ መሬትና ውሃ ይዟል። በ2019 የወጣ ጥናት ሕጉ ከ1989 እስከ 2013 ባለው ጊዜ ለፌዴራል መንግሥቱ 9.5 ቢሊዮን ዶላር ወጪ አድኗል ይላል። አንድም ቤት ሳያፈርስ፣ አንድም ፖሊስ ሳያሰማራ።

እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን ወሰኑን የሚያሻሽሉበት መንገድ ነው። ካርታው የሕጉ አካል ነው። ካርታውን የሚይዘው የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎታቸው እንኳ መስመሩን በራሱ ፈቃድ አያንቀሳቅስም። የተፈቀዱለት ጥቂት ነገሮች ናቸው። አንዱ፣ ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ካርታውን አይቶ ተፈጥሮ ያመጣውን ለውጥ፣ ማዕበል የበላውንና አሸዋ የሞላውን፣ ማስተካከል ነው። ከነዚህ ጥቂቶች ውጪ ያለው ኮንግረስ ይሄዳል።

ለምን ማሻሻል ያስፈልጋል? እዚህ ላይ አንድ ነገር ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ። የመጀመሪያዎቹ ካርታዎች ወረቀት ላይ የተሣሉ ነበሩ። ልኬታቸው 1 ለ24,000 ነው። እዚያ ወረቀት ላይ 1 ሚሊ ሜትር፣ መሬት ላይ 24 ሜትር ማለት ነው። እስክሪብቶ አንሡና አንድ መስመር አስምሩ። ትንሽ ቢወፍር 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ያ መስመር ብቻውን አንድ ሙሉ ግቢ ይውጣል። የሰውየው ቤት ከመስመሩ ወዲህ ነው ወዲያ? ከመስመሩ ሥር ነው። ወዲህ ከሆነ የጎርፍ ኢንሹራንስ ያገኛል። ወዲያ ከሆነ አያገኝም፤ የባንክ ብድርም ይከብደዋል። የሠዓሊው እጅ ትንሽ ስለወፈረ አንድ ቤተሰብ ዕድሜ ልኩን ሊጉላላ ነው።

እንዲህ ያለ ስህተት ሲገኝ መስመሩ ይታረማል። ግን በጓዳ አይደለም። አዲስ ረቂቅ ካርታ ይሠራል፣ ለሕዝብ ይቀርባል፣ አስተያየት ይሰበሰባል፣ ከዚያ ለኮንግረስ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳንዲ የተባለው ከባድ ማዕበል ከመታቸው በኋላ የ9 ግዛቶች ካርታ እንደገና ተሠራ። ሕግ ሆኖ የተፈረመው በኅዳር 2024 ነው። 12 ዓመት ፈጀ። ይህን ሳነብ መጀመሪያ «ይሄማ ምን ይጠቅማል» ብዬ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ሌላ ነገር ታየኝ። በእነዚያ 12 ዓመታት ውስጥ የድሮው መስመር ቦታው ላይ ነበር። አዲስ ሹም ስለመጣ አልተነቃነቀም። ያልታረመለት ሰው የት እንደቆመ ያውቅ ነበር።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ማሻሻያው በአንድ ሕግ ውስጥ ይጨምራልም፣ ይቀንሳልም። ያላግባብ የገባው ይወጣል፤ ያላግባብ የቀረው ይገባል። ሁለቱም እኩል ይታያሉ። ወሰን ሲሻሻል ሁልጊዜ የሚቀነስ ብቻ ከሆነ፣ እሱ ማሻሻል ሳይሆን መሸርሸር ነው። እነሱም ዘንድ ቢሆን ሁሉ ነገር ንጹሕ ነው አልልም፤ ጠበቃና ገንዘብ ያለው ሰው ቀድሞ በር ያንኳኳል። ግን የሚያንኳኳው ሁሉም የሚያየውን በር ነው።

ከኛም ምሳሌ አለ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቋመ። በኋላ መንደርና እርሻ ወሰኑ ውስጥ በዛ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ጨመረው። ከዚያ ወሰኑ እንደገና ታየ። ሰው የሰፈረባቸው ቦታዎች ወጡ፣ ዋልያና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩባቸው ሌሎች ተራሮች ገቡ። ስፋቱ ከ136 ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር አደገ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ወሰንን ማሻሻል ሁልጊዜ ጥበቃን ማዳከም እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም። የሚቆጨኝ፣ መሬት ላይ የተተከለው ችካል ሕግ እስኪሆን ዓመታት መፍጀቱ ነው።

ወደ ሰፈሬ ልመለስ። አክስቴ ኮምቦልቻ ውስጥ ቦርከና አጠገብ ትኖራለች። የይዞታ ካርታ አላት፤ የቦታ ግብሯን በየዓመቱ ትከፍላለች። አንድ ቀን ሜትር የያዙ ልጆች መጡ። «ከወንዙ 30 ሜትር በፈር ዞን ነው»፣ ማለትም የማይነካ ዳርቻ ነው አሏትና ግድግዳዋ ላይ ቀይ ምልክት አደረጉ። ሳሎኗ ወሰኑ ውስጥ ገባ። ከእሷ ይልቅ ለወንዙ የሚቀርበው የጎረቤቷ ቤት ግን አልተነካም። ሄጄ ጠየቅኩ። የእሷ የተለካው ከወንዙ ገደል ጫፍ ነው። የጎረቤቷ ከወንዙ መሃል። የለኩት ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ናቸው። «የትኛው ነው ትክክሉ?» ስል የሚመልስልኝ አጣሁ። «መመሪያ አለ» አሉኝ። «ልየው» አልኩ። «ኃላፊው ጋ ነው» ተባልኩ። ኃላፊው ስብሰባ ነበሩ።

አክስቴ ወንዙ ይጠበቅ መባሉን አትጠላም። ክረምት ቦርከና ሲሞላ ሌሊቱን ቁጭ ብላ የምታድር እሷ ናት። «ይሄ ወንዝ ቦታውን እንደሚፈልግ አውቃለሁ» ትላለች። የምትፈልገው ነገር አንድ ብቻ ነው። ለእሷም ለጎረቤቷም አንድ ዓይነት ሜትር።

እዚህ ላይ የገንዘብ ጉዳይም አለ፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም። በካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሳ የሚያገኘው ሕጋዊ ባለይዞታ ነው። ወሰኑ በሕግ፣ በቀንና በካርታ ተለይቶ ከወጣ፣ ከዚያ በፊት በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው መብቱ ግልጽ ነው፤ ተነሥ ከተባለ ካሳ አለው። ወሰኑ በቃል የሚንሸራተት ከሆነ ግን፣ ትናንት ባለካርታ የነበረው ሰው ዛሬ «በፈር ዞን ውስጥ የገባ» ይባላል። ትንሽ ቆይቶ «ሕገ ወጥ» ይባላል። ከዚያ ካሳውም ይቀራል። በሌላ በኩል ደግሞ ወሰኑ ከታወቀ በኋላ ጨረቃ ቤት የሠራ ሰው «አላወቅኩም» ማለት አይችልም።

ከአሜሪካኖቹ ልንወስደው የሚገባ አንድ ነገር ቢኖር የሕዝብ ገንዘብ ጉዳይ ነው። እኛ አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። መሬት የሚሰጠው፣ በሊዝ የሚያወጣው፣ ለኢንቨስተር የሚመራው መንግሥት ራሱ ነው። ስለዚህ በሕግ የተሠመረ ወሰን ከገበሬው በፊት የሚያስረው መሬት ሰጪውን ነው። ከመስመሩ ወዲያ ሊዝ የለም። መንገድ የለም። የመብራት ምሰሶ አይተከልም፣ የውሃ መስመር አይገባም። ደሴም ኮምቦልቻም ላይ አይተነዋል፤ መብራት የገባበት ዳገትም ሆነ ወንዝ ዳር ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሰፈር ይሆናል። መብራቱን ማቆም ቤት ከማፍረስ እጅግ ይቀላል። ማንም አያለቅስም።

የሐይቅ ወሰን ከሚሸሽ ውሃ መለካት የለበትም። ውሃው በከፍተኛ ደረጃው የሚደርስበት ቦታ ይለይ፤ ከዚያ ላይ ቋሚ ነጥቦች ይወሰዱ፤ እያንዳንዱ ነጥብ በጂፒኤስ ቁጥሩ ሕጉ ላይ ይጻፍ። ካርታው ቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ በትልቁ፣ ዋርካውም መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ተሥሎበት፣ ማንበብ የማይችል ሰው ማሳውን እንዲለይ። በየ5 ዓመቱ ይታይ። ስህተት የተገኘበት ሰው የሚያመለክትበት ቦታና ቀን ይኑረው።

«ምክር ቤት ድረስ መሄድ ይረዝማል» የሚሉ አሉ። ይረዝማል። ግን የሚረዝመው ለማስወጣትም ለማስገባትም ነው። አሁን ያለው አጭር መንገድ ማንን እንደጠቀመ የአዛውንቱ ማሳ ላይ አይቻለሁ፤ እሳቸውንም ሐይቁንም አልጠቀመም።

ይበልጥ የሚከብደኝ ሌላ ተቃውሞ አለ። ዳር ላይ የሚያርሰው ሰው ክፋት ይዞት አይደለም። መሬት ጠቧል። ልጆቹ አድገዋል፣ የሚያካፍላቸው የለውም። ጨፋ ላይም በበጋ ከአፋር ሳይቀር ከብት ይመጣል። ያንን ግጦሽ ወሰን ነው ብለህ ብትዘጋው ጠብ ትተክላለህ። ስለዚህ ሕጉ የሚከለከለውን ብቻ ሳይሆን የሚፈቀደውንም በዝርዝር ይጻፍ። ሣር አጭዶ መውሰድ፣ ንብ ማነብ፣ ዓሣ ማስገር፣ በወቅቱ ማሰማራት። ማረስና መገንባት ግን አይቻልም። ይህ ዝርዝር ደግሞ ባሕር ዳር ከተማ ቢሮ ውስጥ ብቻ ተቀምጦ አይጻፍም። ውሃው በየትኛው ዓመት የት እንደደረሰ የሚያውቁት እዚያው የሚኖሩት ናቸው።

ያን ቀን ከአዛውንቱ ጋር ብዙ ቆየን። ልሰናበታቸው ስል ስልኬን አውጥቼ ችካሉ ያለበትን ቦታ በጂፒኤስ ወሰድኩ። ምን እንደማደርግ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «ለእኔም ጻፍልኝ» አሉ። ወረቀቱ ሕጋዊ ዋጋ እንደሌለው ብነግራቸውም ግድ አልሰጣቸውም። ከችካሉ እስከ ውሃው አብረን በእርምጃ ለካን፤ 64 ሆነ። ቁጥሮቹን ከማስታወሻዬ በተቀደደ ወረቀት ላይ ጻፍኩላቸው። ቤት ገብተው በፌስታል የተጠቀለለውን የይዞታ ደብተራቸውን ይዘው መጡ። ወረቀቱን አጥፈው በመሃሉ ሊያስገቡት ሲሉ ቆም አሉና መልሰው ሰጡኝ።

«ቀኑንም ጻፍበት።»

ጻፍኩበት።